ማውዝጋርድ (ስፖርት ላይ ጥርስ እንዳይጎዳ አፍ ውስጥ የሚደረገውን መከላከያ) ገዝቼለት ነበር፣ ግን አያደርገውም ነበር። ልኩ የሆነ እንዴት ላሠራለት?

የናቲ እናት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ ቴኳንዶ ከጀመረ አራት ዓመት ሆነው። ከሁለት ወር በፊት ቅዳሜ ጠዋት ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ላይ የጓደኛው ተረከዝ አፉ ላይ አረፈ። የላይኛው የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወጣ።

ተደውሎልኝ ስደርስ ጥርሱን በሶፍት ጠቅልለው ሰጡኝ። ሶፍቱ ደሙን መጥጦ ደርቆ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ነበር። እስከ ዛሬ ሶፍት ስስብ እሱ ነው የሚመጣብኝ። የመጀመሪያው ክሊኒክ "ቅዳሜ የጥርስ ሐኪም የለንም" አሉን። ሁለተኛው ጋ ስንደርስ ከተመታ ሁለት ሰዓት አልፎት ነበር። ሐኪሙ መልሶ ተከለው፣ በቀጭን ሽቦ ከጎንና ጎን ጥርሶቹ ጋር ሁለት ሳምንት አሰረው፣ ነርቩንም አከመለት። ነገር ግን ሥሩ ደርቆ ስለቆየ ከአጥንቱ ጋር ሊጣበቅ እንደሚችል፣ ልጁ ሲያድግ ሌሎቹ ጥርሶች ቦታቸውን ይዘው ሲወርዱ እሱ ወደ ላይ ሊቀር እንደሚችል ነግሮኛል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ማውዝጋርድ ገዝቼለት ነበር! ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች፣ በፈላ ውሃ ተነክሮ የሚነከሰውን ዓይነት። ልጄ "እማዬ ያቅለሸልሸኛል፣ ትንፋሽ ያሳጥረኛል፣ አፌን ስከፍት ይወድቃል" ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰበብ መስሎኝ እቆጣው ነበር። ያን ቀን ቦርሳው ኪስ ውስጥ ነበር። ያላደረገ ልጅ ሜዳ ሲገባም ያስቆመው ሰው የለም።

ናቲ መመለስ ይፈልጋል። አልከለክለውም፤ ከዚህ ስፖርት ብዙ ነገር አግኝቷል። ግን አፉ ውስጥ የሚቆይ ነገር ሳላገኝ አልለቀውም። እዚህ አገር በልክ የሚሠራ ሰው አለ? ከሱቅ የሚገዛውስ ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል?

---

አሰልጣኝ ጓንት (አዲስ አበባ፣ ቦክስ)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ልጅሽ ሰበብ አላበዛም፤ እውነቱን ነው የነገረሽ። እኔ ቦክስ ሳሠለጥን ዓመታት አልፈዋል። ልጅ ማውዝጋርድ አላደርግም ካለኝ መጀመሪያ የማየው ልጁን ሳይሆን ማውዝጋርዱን ነው። ልክ ያልሆነ ማውዝጋርድ ያለው ልጅ ጥርሱን ነክሶ ይዞት ነው የሚጫወተው። ነክሶ የያዘ ሰው ትንፋሹ ያጥርበታል፣ አንገቱ ይደክማል፣ በሁለተኛው ዙር ተፍቶት ታገኚዋለሽ።

እኔ ጋ ሦስት ነገር ሳያሳየኝ ወደ ሪንግ የሚገባ ልጅ የለም። አፉን ከፍቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ በምላስ ወይም በጥርስ ሳይደገፍ ከላይኛው ጥርስ ላይ መቆየት አለበት። ቀጥሎ "ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ሰባት" እንዲል አደርገዋለሁ፤ ቃሉ ከተንሻፈፈ ወይም ምራቁ ከፈሰሰ ወፍራም ነው ወይም ረዝሟል። በመጨረሻ እሱኑ እንዳደረገ ውሃ ይጠጣል። ይህን ያለፈ ልጅ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንዳደረገው ይረሳዋል።

ማቅለሽለሹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ጫፉ ነው። ከሱቅ የሚመጣው ለአዋቂ አፍ የተቆረጠ ነው። ሳይነከር በፊት አፉ ውስጥ ለክተሽ ከመጀመሪያው ትልቅ የመንጋጋ ጥርስ ጀርባ የሚተርፈውን በመቀስ ቁረጪው፣ ጠርዙንም አለስልሺው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከልቤ ስለሚያመኝ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ማውዝጋርድ እየተቀባበሉ ሲጫወቱ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዱ ሲወጣ በውሃ አለቅልቆ ለሌላው ይሰጣል። ድዱ የደማ ልጅ አፍ ውስጥ የነበረ ዕቃ ነው እኮ! የጉበት ቫይረስ በደም እንደሚተላለፍ የማያውቅ አሰልጣኝ ካለ ዛሬ ይወቅ።

---

ሚድፊልደር 8 (አዳማ)

ለቦክስና ለቴኳንዶ ይገባኛል። ለእግር ኳስ ግን ማንም አያደርግም፣ ሕጉም አያስገድድም። ማጋነን አይሆንም?

---

የጥርስ ሐኪም (ባሕር ዳር)

የናቲ እናት፣ ሐኪሙ ያደረገው ሁሉ ትክክል ነው። ቢዘገይም መልሶ መትከሉ ጥሩ ነው፤ ቢያንስ አጥንቱ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ ልጁም በእነዚህ ዓመታት ያለ ፊት ጥርስ አይቆይም። በብሎን የሚተከለው ጥርስ መንጋጋው ማደጉን እስኪያቆም ድረስ አይሠራለትምና ይህ ጊዜ ዋጋ አለው። ክትትሉን አያቋርጡ። ሐኪሙ ጥርሱን መታ መታ አድርጎ ድምፁን ሲሰማና ቁመቱን ከጎኑ ካለው ጋር ሲያነጻጽር፣ መጣበቅ መጀመር አለመጀመሩን እያየ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው እንዳለ ከማሸጊያው ወጥቶ የሚደረገው ነው። እሱን ይተዉት፤ የሚይዘው ነገር የለውም። ሁለተኛው እርስዎ የገዙት፣ በሙቅ ውሃ ለስልሶ የሚነከሰው ነው። ሦስተኛው በአፉ ልክ የሚሠራው ነው።

በልክ የሚሠራው እንዲህ ነው። የላይኛው ጥርስ ልክ እንደ ሊጥ ባለ ነገር ይነሳል፣ ጀሶ ይፈስበታል፣ የልጁ አፍ ቅጂ በጀሶ ይወጣል። ኢቪኤ የሚባል ለስላሳ የፕላስቲክ ንጣፍ በማሽን ይሞቅና እንደ እርጥብ ጨርቅ ጀሶው ላይ ይሳባል። ይህ ማሽን የት አለ ብለው አይጨነቁ። የጥርስ ማቅኛ ሽቦ ከወጣ በኋላ ማታ ማታ የሚደረገውን ግልጽ ፕላስቲክ፣ ሪቴይነር የሚባለውን የሚሠራ ክሊኒክ ሁሉ ይህ ማሽን አለው ወይም ካለው ላብራቶሪ ጋር ይሠራል። ስለዚህ ሲደውሉ "ማውዝጋርድ ትሠራላችሁ?" ብቻ አይበሉ፤ ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው ስለሌለ "የለም" ይላሉ። "ሪቴይነር ትሠራላችሁ?" ብለው ይጀምሩ፣ ከዚያ ለስላሳውን ወፍራም ንጣፍ ማስመጣት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ።

እዚህ ጋ ይጠንቀቁልኝ። የሪቴይነሩን ቀጭንና ደረቅ ፕላስቲክ "ያው ነው" ብሎ የሚሰጥዎ ካለ አይቀበሉ። ጥርስ ያሰልፋል እንጂ ምት አይቀበልም፤ ሲመታ ሊሰበር ይችላል። ንጣፉ 4 ሚሊሜትር ቢሆንም ሲሳብ ስለሚሳሳ ፊት ለፊት ላይ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚቀረው። ለእርግጫና ለቡጢ ሁለት ንጣፍ ተደራርቦ ቢሠራ፣ ከፊት ጥርሶቹ ላይ ወደ 3 ሚሊሜትር እንዲቀር ማድረግ ነው። በከንፈሩ በኩል ድዱን እስከ ላይኛው እጥፋት አቅራቢያ ድረስ ይሸፍን፣ ከንፈሩን ከድዱ ጋር የሚያያይዘውን ክር ግን አይጫን። የታችኛው ጥርስ ሲገጥም በሁለቱም ጎን እኩል ይረፍበት። በአንድ ጎን ብቻ የሚነካ ከሆነ ሲመታ መንጋጋው ይዞራል።

የጥበቃው ምስጢር ውፍረቱ ብቻ አይደለም። ምት አንድ ጥርስ ላይ ሲያርፍ ፕላስቲኩ ኃይሉን ይውጠውና የቀረውን ለሁሉም ጥርስ ያካፍለዋል። ይህ የሚሆነው ግን ከእያንዳንዱ ጥርስ ጋር ተጣብቆ ሲቀመጥ ነው። በመካከል ክፍተት ካለ ምቱ እንደገና አንዱ ጥርስ ላይ ይሰበሰባል። "ልክ" የምንለው ለምቾት ብቻ አይደለም።

የናቲ ጥርስ ከተተከለ ሁለት ወር ስለሆነው፣ የማይነቃነቅ ከሆነ ልክ ማንሳት ይቻላል። ግን ልኩን የሚያነሳው ሰው ይህ ጥርስ የተተከለ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ፤ ሲያወጣው አብሮ እንዳይስበው ይጠነቀቃል። ወደ ስፓሪንግ መቼ እንደሚመለስም የሚወስነው ያከመው ሐኪም ነው።

ሚድፊልደር፣ ለአንተም መልስ አለኝ፣ ማታ እጽፋለሁ።

---

የሜሪላንድ አባት

እህቴ የናቲ እናት፣ አይዞሽ። እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ ልጄ ላክሮስ (ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ) ይጫወታል። እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአሜሪካን ፉትቦል፣ ለላክሮስ፣ ለሜዳና ለበረዶ ሆኪ ማውዝጋርድ ግዴታ ነው። ለፉትቦሉ ግዴታ የሆነው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ፉትቦሉ ላይ ለዳኛው ከሩቅ እንዲታይ ነጭና ግልጽ የሆነውን አይቀበሉም። ያንቺ ልጅ ግን ቴኳንዶ ስለሆነ ተቃራኒው ነው፤ የዓለም ቴኳንዶ ሕግ ነጭ ወይም ግልጽ ብቻ ነው የሚለው። ስታሠሪ ቀለሙን እንዳትረሺ፣ ውድድር ላይ እንዳያስወጡት።

ይህን ያነሳሁት ለሌላ ነገር ነው። እዚህ ልጆቹ የሚያደርጉት ጎበዝ ስለሆኑ አይደለም። ሳያደርግ የተገኘ ልጅ ቡድኑን ያስቀጣል፣ ስለዚህ አሰልጣኙ ከመግባታቸው በፊት አፋቸውን ያያል። ያንን ቅዳሜ ናቲን ማስቆም የነበረበት አንቺ አይደለሽም፤ አንቺ ቤት ነበርሽ። ራስሽን አትውቀሺ።

---

የናቲ እናት

ወንድሜ ስላልከው አመሰግናለሁ። አንብቤው አልቅሻለሁ።

ዶክተር፣ በልክ የሚሠራው እስኪገኝ ከሱቅ የሚገዛውን በደንብ ማድረግ ይቻላል? ባለፈው ውሃውን አፍልቼ ነክሬ ወዲያው ሰጠሁት፣ በኃይል ነከሰው። አንድ ሰው ደግሞ "አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ ውሃው በደንብ አይሞቅም፣ ለዚህ ነው ያልሠራው" አለኝ። እውነት ነው?

---

የጥርስ ሐኪም (ባሕር ዳር)

ከፍታው ውሃው ቀድሞ እንዲፈላ ያደርገዋል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ግን ፕላስቲኩ የሚለሰልሰው ከዚያ ባነሰ ሙቀት ስለሆነ ችግሩ እሱ አይደለም። ችግሩ "በኃይል ነከሰው" ያሉት ነው።

ለስልሶ ሳለ በኃይል ሲነከስ የታችኛው ጥርስ ሰርስሮ ይገባና ከመካከል ያለው ፕላስቲክ እንደ ወረቀት ይሳሳል። አሮጌው ቤት ካለ በብርሃን ትይዩ ያዙት፤ የንክሻው ቦታ ብርሃን ካሳለፈ የሚጠብቀው ነገር አልቀረውም።

እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ለክተው ይቁረጡ። ልጁ መስታወት ፊት ይቀመጥ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በሳህን አጠገብዎ ይሁን። ውሃውን አፍልተው ከእሳት ካወረዱ በኋላ ማሸጊያው ላይ ለተጻፈው ጊዜ ብቻ ይንከሩት። ሲያወጡት አፉን እንዳያቃጥል አንድ ሁለት ሰከንድ ያራግፉት። የላይኛው ጥርስ ላይ መካከሉን አስተካክለው በአውራ ጣትዎ ወደ ላይ ይግፉት። ከዚያ ልጁ በቀስታ፣ እንጀራ እንደሚነክስ እንጂ አጥንት እንደሚሰብር ሳይሆን፣ ገጥሞ ይያዝ። እርስዎ ከውጭ በከንፈሩና በጉንጩ ላይ ፕላስቲኩን ወደ ጥርሱ ይጫኑት፤ እሱ ከውስጥ በምላሱ ወደ ላንቃው ይግፋው፣ አየሩን እንደ ጡጦ ይምጠጠው። ከዚያ ወደ ቀዝቃዛው ውሃ። አሰልጣኙ የጻፉትን ሦስት ፈተና ካላለፈ ደግመው ያለስልሱት። ከሁለት ጊዜ በላይ ግን አዲስ መግዛት ይሻላል።

---

ፖይንት ጋርድ (ሐዋሳ)

እኔ ቅርጫት ኳስ ነው የምጫወተው፣ ጥርሴ ላይ ሽቦ አለ። ሽቦ ላለው ሰው ይህ በሙቅ ውሃ የሚነከሰው ይሆናል? ክርን ሲመታኝ ከንፈሬ በሽቦው ተቆርጦ ሁለት ጊዜ ተሰፍቻለሁ።

---

የጥርስ ሐኪም (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ተራውን በሙቅ ውሃ አታድርጊ፤ ለስልሶ ሽቦው ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ሽቦውን ነቅሎት ይወጣል። ደግሞም ጥርስሽ በየወሩ ቦታ እየቀየረ ስለሆነ በልክ የሚጣበቅ ነገር ጥርሱን ባለበት ሊይዘው ይሞክራል። ላንቺ የሚሆነው ለሽቦ ተብሎ የሚሠራው ሰፋ ያለ ሲሊኮን ነው፤ አለዚያም ሽቦሽን የሚከታተለው ሐኪም የሽቦውን ቦታ ሸፍኖ፣ ለጥርሱ መሄጃ ክፍተት ትቶ ይሥራልሽ።

ሚድፊልደር፣ ቃሌን ልጠብቅ። እግር ኳስ ላይ ሕግ አያስገድድም፣ እውነት ነው። እኔ ጋ የሚመጡትን ግን ልንገርህ። ለአየር ኳስ ሲዘሉ የሌላው ጭንቅላት አገጫቸውን ከታች የመታቸው፣ በክርን የተመቱ፣ ግብ ጠባቂ ሆነው ጉልበት ያገኛቸው ናቸው። ለሁሉም ተጫዋች ግዴታ ይሁን አልልም። የላይኛው የፊት ጥርሱ ወደ ውጭ የወጣና ከንፈሩ የማይሸፍንለት ልጅ ግን ከሌላው ይልቅ ለጉዳት የተጋለጠ ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች እግር ኳስም ቢሆን አድርጉለት። ግብ ጠባቂም እንዲሁ።

---

የጃን ሜዳ ልጅ

ዶክተር እውነት ብለዋል። እኛ ልጅ ሳለን የገና ጨዋታ ስንጫወት ሩሯ (ኳሷ) አፉን መትታው ሁለት የፊት ጥርሱን ያጣ የሰፈር ልጅ ነበር። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ተብሎ ታለፈ፤ ማንም ወደ ሐኪም አልወሰደውም። ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ ሲስቅ አሁንም አፉን በእጁ ይሸፍናል። ጃን ሜዳ ገና የምትጫወቱ ልጆች ካላችሁ፣ ዱላና ጠንካራ ኳስ ያለበት ነገር ነውና ይህን አድርጉ። ባህሉ አይጎድልበትም።

---

ሚድፊልደር 8 (አዳማ)

እሺ፣ ተቀብያለሁ። ታናሽ ወንድሜ ግብ ጠባቂ ነው። ሌላ ጥያቄ፦ ማውዝጋርድ ጭንቅላት ሲመታ አእምሮ እንዳይናወጥ ያደርጋል የሚባለውስ?

---

የጥርስ ሐኪም (ባሕር ዳር)

ለዚያ ብለህ አትግዛው። ጥርስን፣ ከንፈርን፣ ምላስንና በተወሰነ ደረጃ መንጋጋን ይጠብቃል። አእምሮን ከመናወጥ ይጠብቃል የሚለው በማያሻማ ሁኔታ አልተረጋገጠም። ማሸጊያ ላይ ተጽፎ ብታየው እንኳ፣ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ማውዝጋርድ ስላደረገ ወደ ጨዋታ እንዳይመለስ።

---

አሰልጣኝ ጓንት (አዲስ አበባ፣ ቦክስ)

ዶክተር ያሉትን ለልጆቼ አነብላቸዋለሁ። ታሪኩን የማያውቅ ካለ፦ ይህ ነገር የጀመረው በእኛ በቡጢኞች ነው። ዉልፍ ክራውስ የሚባል የለንደን የጥርስ ሐኪም በ1890 እ.ኤ.አ. ጉታ ፐርቻ የሚባል የዛፍ ሙጫ የላይኛው ጥርስ ላይ እየለጠፈ ቡጢኞችን ያስገባ ነበር። በ1927 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ማይክ ማክቲግ ከጃክ ሻርኪ ጋር ሲጋጠም በነጥብ እየመራ ሳለ ጥርሱ ከንፈሩን ከውስጥ ቆርጦት ደሙ አልቆም ብሎ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ነው ሪንጉ ሁሉ የተቀበለው። የእኛ ሕግ ዛሬ ቀይ ማውዝጋርድ አይፈቅድም፤ ደም ቢኖር ዳኛው አያይምና።

---

አዲስ አባል 27

ይቅርታ፣ ጥርስ ቢወልቅ እዚያው ሜዳ ላይ ምን ይደረጋል? የናቲን እናት ታሪክ ካነበብኩ ጀምሮ እሱን እያሰብኩ ነው። አሁን ጾም ነው፣ ቤታችን ወተት የለም።

---

የጥርስ ሐኪም (ባሕር ዳር)

ይህን ሁላችሁም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።

የወተት ጥርስ ከሆነ አትመልሱት፤ ሥር የሚበቅለውን ይጎዳል። ቋሚ ጥርስ ከሆነ ነጩን ክፍል ይዛችሁ አንሱት፣ ሥሩን አትንኩ፤ ሥሩ ላይ ያለው እንደ ጭጋግ የሳሳ ሽፋን ነው መልሶ የሚያጣብቀው። አፈር ከነካው በወተት፣ በሳላይን (በሕክምና የጨው ውሃ) ወይም በልጁ ምራቅ በቀስታ ታጥቡታላችሁ፣ አትፈትጉትም። ከዚያ የሚሻለው እዚያው መልሶ ቦታው ላይ መክተትና ልጁ ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። አይዟችሁ፣ ደፍራችሁ አድርጉት።

ካልቻላችሁ ወተት ውስጥ ይሁን። ጾም ቢሆንም ሱቅ ያለው የፓኬት ወተት ይበቃል፤ ጥርስ ማቆያ እንጂ ምግብ አይደለም። ወተት ከሌለ ልጁ ኩባያ ውስጥ ምራቁን ይትፋና ጥርሱ እሱ ውስጥ ይቀመጥ። ሶፍት፣ መሐረብ፣ ኪስ፣ እነዚህ ሁሉ ያደርቁታል። ደርቆ ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ሽፋኑ መሞት ይጀምራል፤ አንድ ሰዓት ካለፈ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ስለ ቴታነስ ክትባትም ሐኪሙን ጠይቁ።

---

የናቲ እናት (ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ)

ተመልሻለሁ። ሰባት ክሊኒክ ደውዬ ስድስቱ "ማውዝጋርድ የለም" አሉኝ። ሰባተኛዋን እንደ ዶክተር ምክር "ሪቴይነር ትሠራላችሁ?" ብዬ ጠየቅኳት። "አዎ" አለች፤ ለስላሳውን ንጣፍ ከአንድ ሳምንት በኋላ አስመጣችልኝ፣ ሁለት አድርጋ ደርባ ሠራችው። ልኩን ስታነሳ የተተከለውን ጥርስ ቀድማ በሰም ደገፈችው።

የጀሶውን ቅጂ ሰጥታናለች፤ ናቲ ቴሌቪዥኑ ጎን አቁሞታል። ማውዝጋርዱ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ያጥበዋል። ፀሐይ ላይና መኪና ውስጥ እንዳይተወው ነግሬዋለሁ። ልጁ እያደገ ስለሆነ በየዓመቱ አዲስ እንደሚያስፈልገው ተነግሮኛል። ያከመው ሐኪም ለጊዜው ልምምዱን ፈቅዶለታል፣ ስፓሪንጉን ገና አልፈቀደም።

ትናንት ማታ "ናቲ፣ እራት ቀርቧል!" ስለው ከክፍሉ "መጣሁ እማዬ፣ እጄን ልታጠብ" አለኝ። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሣጥኑን ከፍቶ ከአፉ ሲያወጣው ነው ያወቅኩት።

---

ሚድፊልደር 8 (አዳማ)

ተመስገን! የክሊኒኩን ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ወንድሜን ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ።

---

የናቲ እናት

ልኬልሃለሁ። ግን ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚሠሩት፣ በጠዋት ውጡ።